ስትሄድ ዝም ይላል

በአውቶቡስ መናኸሪያው የምንሠራ ሰዎች በሙሉ የኮምፒውተር ባለሙያችንን "ይሠራል" ነበር የምንለው። የመዝገብ ስሙን የሚያውቅ ካለ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ትኬት ሻጯ ናት። ኮምፒውተሯ እምቢ ባላት ቁጥር ታስጠራዋለች። እሱ ከላይኛው ፎቅ እየተንደረደረ ይወርድና እሷን አስነሥቶ ወንበሯ ላይ ይቀመጣል። ትንሽ ይነካካል። ማሽኑም አስተማሪ እንዳየ ተማሪ ቀጥ ብሎ ይሠራል።

"ይኸው፤ እኔ ጋ ይሠራል።"

"እንግዲያው አንተ እዚሁ ቁጭ በልና ትኬት ሽጥ፤ እኔ ቤቴ ልግባ።"

ሰልፈኛው ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል። ደረጃውን ወጥቶ ሳይጨርስ ግን እሷ እንደገና "ኧረ ይሠራል! ኧረ የት ገባህ!" እያለች ትጮሃለች።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትዕቢተኛም አልነበረም። እንዲያውም የሰው ችግር እንደ እሱ የሚያስጨንቀው ሰው በመሥሪያ ቤታችን አላየሁም። ብቻ ዓይኑን ያምን ነበር። አንድ ነገር እሱ ፊት ከሠራ፣ ሠራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው አቤቱታ የሰው እጅ ያመጣው ስህተት ይመስለዋል።

አሁን በዚያ ስም የሚጠራው የለም። ትኬት ሻጯ ስታስጠራው መጥቶ ወንበሯ ላይ አይቀመጥም። ከኋላዋ ራቅ ብሎ ይቆምና "እኔ እንደሌለሁ አድርጊና ሥሪው" ይላታል። እሷም አትቀልድበትም።

እኔ በዚያው መናኸሪያ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ቤታችንና ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ስለ ኮምፒውተሩ የምጽፈው እሱ ደጋግሞ ያስረዳኝን ነው፤ የተሳሳተ ነገር ካለ ያልገባኝ እኔ ነኝ።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነበር። እትዬ ይላታል፤ እኛም ከእሱ ሰምተን እትዬ እንላት ነበር። እትዬ ጉልበቷን የጨረሰችው በመናኸሪያው አስተዋዋቂነት ነው። በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ "ውድ መንገደኞች፣ በሁለተኛው በር ያለው አውቶቡስ ለመነሣት ተዘጋጅቷል" የምትለው እሷ ነበረች። መልኳን የማያውቅ ሞልቷል፤ ድምፅዋን የማያውቅ ግን አልነበረም። ገበያ ሄዳ ዋጋ ስትጠይቅ ነጋዴው ቀና ብሎ "ቆይ ቆይ፣ አንቺ የአውቶቡሷ አይደለሽም?" ይላታል።

እናታቸው ስትሞት እሱ ጥርሱን ያልቀየረ ልጅ ነበር። ቤት የሚጠብቀው ሰው ስላልነበረ እትዬ ወደ ሥራ ይዛው ትመጣና ከጠረጴዛዋ ሥር ኮቷን አንጥፋ ታስተኛዋለች። አንድ ቀን ማይክሮፎኑ ክፍት ሳለ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብሎ "እትዬ፣ ሽንቴ መጣ!" አለ። መናኸሪያው በሙሉ ሰማ። ሹፌሮቹ መሪያቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። አንድ ተሳፋሪ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ኧረ ልጁን አድርሱት!" ብሎ ጮኸ። ይህን ታሪክ እትዬ አትጠግበውም ነበር። እሱ ጎልምሶ፣ ጸጉሩ ከግንባሩ መሸሽ ከጀመረ በኋላም በሰው ፊት ታወራበታለች። እሱ ፊቱ ቀልቶ "በቃ እንጂ እትዬ" ይላል። አሳደገችው፤ አስተማረችው። ባል አላገባችም። ባለቤቴ ለምን እንዳላገባች ስትጠይቃት "አንድ ወንድ ያሳደግኩት ይበቃኛል" አለቻት።

ከዚያ ጉሮሮዋን ታመመች። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ድምፅዋ እየሻከረ ሄደ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ማንቁርቷን ቆርጠን ማውጣት አለብን አሉ። ነፍሷ ተረፈች፤ ድምፅዋ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በተበጀ ቀዳዳ፣ በትንሽ ቱቦ ነበር። አቅሟም ስለከዳት ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሄድ እንኳ ደጋፊ ያስፈልጋት ነበር። ወንድሟ ሥራ ሲውል የምታያት ባለቤቴ ናት። እትዬ ስትፈልጋት በብረት ማንኪያ ግድግዳውን ታንኳኳለች። ባለቤቴ ከወዲህ በኩል "መጣሁ እትዬ!" ትልና የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። ማንኪያው የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ሳንቲም የሚያህል ነጭ ነገር ሆኖ ነበር።

ወንድሟ ያን ማንኪያ አይወደውም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ አብረን ስንመለስ "ስንቱን አውቶቡስ የሸኘች ሴት በማንኪያ ግድግዳ እየደበደበች ትኑር?" አለኝ።

መናኸሪያው ለዓመታት የቀዳው የእትዬ ማስታወቂያ ተቀምጦ ነበር። ወንድሟ ያን ሰበሰበው። ከተቀዳ ድምፅ ተምሮ የተጻፈለትን የሚያነብ ፕሮግራምም ፈልጎ አገኘ። እሱን የሠሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ውስጡ ተከፍቶ አይታይም። የወንድሟ ሥራ ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። እትዬ አልጋዋ ላይ ሆና በታብሌት ትጽፋለች፣ አረንጓዴውን ቁልፍ ትጫናለች። ጽሑፉ ጥግ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ይሄዳል። እዚያ ያለው የእሱ ፕሮግራም ያን ተናጋሪውን ፕሮግራም ይጠራና "ተነሣ፣ ይህን ተናገር" ብሎ ይልከዋል፤ አለቃ ተላላኪ እንደሚልክ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ተላላኪ ይነሣል፤ ተናግሮ ሲጨርስ ይጠፋል። ድምፅ ማጉያውን ግድግዳው ሥር፣ ከተላጠው ቦታ አጠገብ አስቀመጠው።

የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ነበርን። እትዬ በአንድ ጣቷ ብዙ ጊዜ ፈጅታ ጻፈች፤ ቁልፉን ተጫነች።

"ሻይ ፈልቷል ወይ?"

ድምፁ የራሷ ነው። የተማረው ከማስታወቂያ ስለሆነ ግን ዜማው ሁሉ የአውቶቡስ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ የሚል።

"እትዬ፣ እንደዚህ ስትይኝ ሻይ ልቅዳ ወይስ ሻንጣዬን ላንሣ?" አልኳት።

ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቀች። ባለቤቴ አለቀሰች። ወንድሟ ማንኪያውን ከራስጌዋ አነሣና አጥቦ ወደ ወጥ ቤት መለሰው፤ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አደረገ፤ ሁለቱንም ለእሷ ብሎ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል እየጠየቀ ይገተር ነበር። እትዬ ተነሥታ ልትከፍተው አትችልም። ስለዚህ ማንም ሳይነካው ፕሮግራሙ በራሱ እንዲነሣ፣ በእሱ ስም ሳይሆን በኮምፒውተሩ በራሱ ስም እንዲሠራ አደረገው። ሁለተኛው ነገር በመሥሪያ ቤት ቀልድ የመጣ ነው። አንድ ሹፌር የድምፅዋን ቅጂ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ በእትዬ ድምፅ "ውድ መንገደኞች፣ ሥራ አስኪያጃችን በአራተኛው በር እንቅልፍ ላይ ናቸው" የሚል ነገር አቀናብሮ በስልኩ አሰማን። እኛ ሳቅን። ወንድሟ አልሳቀም። "የምትቀልዱበት ሌላ ነገር አጣችሁ?" ብሎ ወጣ። በዚያው ዕለት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የድምፅዋን ማህደር ከእሱ ስም በቀር ማንም እንዳይከፍተው ቆለፈው።

ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ቀን ቀን ዝም አለ። ባለቤቴ እትዬ እንቅልፍ ተሻላት ብላ ደስ አላት። ልታያት ስትገባ ግን እትዬ ተኮሳትራ ታብሌቷን ታዞርላታለች። "ጠራሁሽ" ይላል።

"መቼ እትዬ? ከግድግዳው ሥር አይደለሁ እንዴ!"

ወንድሟ ሲመጣ ለእሱም ጻፈችለት። "አንተ ስትኖር ይናገራል። ስትሄድ ዝም ይላል።"

"ማሽኑንም እንደ አንቺ እናፍቀዋለሁ በያ" ብሎ ሳቀ፤ ሊያየውም ተቀመጠ።

አሠራሩ አንድ ነው። መካኒክ ኮፈን እንደሚከፍት፣ እሱም መጀመሪያ በራሱ የተነሣውን ፕሮግራም ይዘጋና በገዛ ስሙና በገዛ እጁ እንደገና ይከፍተዋል፤ የሚሆነው ሁሉ ስክሪኑ ላይ እየተጻፈ እንዲታየው። ከዚያ "በይ እትዬ፣ ጻፊ" ይላታል። ትጽፋለች። ይናገራል።

"ይኸው። ይሠራል።"

ሲጨርስ ንጹሕ ይሁን ብሎ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራዋል። እሱ ከቤት ከወጣ በኋላ እትዬ ትጽፋለች፤ ዝም ይላል። ሲመጣ ትነግረዋለች፤ ይቀመጣል፤ ይዘጋል፤ ይከፍታል፤ ይናገራል። እንዲህ እየሆነ ከረመ።

አንድ ሰኞ ማታ እንደልማዱ አስተካክሎ "በይ ጻፊ" አላት። እኔና ባለቤቴም ነበርን። ቁልፉን ስትጫን ያ ረጋ ያለ ድምፅ "ማንኪያዬን መልሱልኝ" አለ።

በዜማው ሳቅን። ፊቷን ስናይ ሳቃችንን ዋጥነው።

ወንድሟ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥቶ ጭኖቹ መሃል ከተተ። "እትዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ። ምናልባት ጣትሽ ቁልፉን በደንብ ሳይጫነው እየቀረ ይሆናል። ይህን ሳምንት መሥሪያ ቤት አዲስ ማሽን እየተከልን ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።"

ስንወጣ ባለቤቴ በሩ ላይ ያዘችው። "አንተ ሰውዬ፣ ኮምፒውተርህን ታቅፈህ ተኛ፤ ለእሷ ግን ማንኪያዋን ስጣት።"

"ማንኪያውን ከሰጠኋት እኮ ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ነው።"

"ተስፋ የምትቆርጠው አንተ፣ ስትጠራ የምትውለው እሷ!"

አቀርቅሮ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ባለቤቴ በማግሥቱ ከእኛ ቤት አንድ ማንኪያ ወስዳ ልትሰጣት ሞከረች። እትዬ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና መለሰችላት። "ይከፋዋል" ብላ ጻፈች። ከሥሩም "ቅዳሜ ያየዋል።"

ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ ግድግዳው ሥር ቆማ ልብስ ትተኩስ ነበር። ምንም አልሰማችም። ምሳ ይዛላት ስትገባ እትዬ ወደ ግድግዳው ዞራለች፤ ታብሌቱ ከእጇ ወድቆ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር። የአንገቷ ቱቦ ተደፍኖ ነው ተባለ። ወንድሟ ሐኪሙን "ሰው ቶሎ ቢደርስላት ኖሮ ትተርፍ ነበር?" ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ሲከድን ሲከፍት ቆየና "እንዲህ ነው ብሎ መናገር አይቻልም" አለ።

በለቅሶው ቤት ባለቤቴ ለመጣው ሰው ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ከግድግዳው ሥር ነበርኩ እኮ።"

ቅዳሜ ደረሰ። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ባለቤቴ ቤታችን ገብታ የተጠራቀመ ልብስ ማጠብ ጀመረች። ወንድሟ በበራችን ብቅ ብሎ "ና እስቲ አብረኸኝ ተቀመጥ" አለኝ። ምን እንደምንሠራ አልነገረኝም። ገብቼ ወንበር ያዝኩ። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ እንደበራ ነው። ለወትሮው የማያስተማምነው መብራት በዚያ ሳምንት አንድም ቀን አልጠፋም። እሱም ከሰኞ ወዲህ ሥራ በዝቶበት አልነካውም ነበር፤ ከሐሙስ ወዲህ ደግሞ ማን ይነካዋል።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። እንደልማዱ ሊዘጋው እጁን ዘረጋና ቆመ።

"አይ" አለ። "እንደ እሷ ነው የማደርገው።"

ተነሥቶ አልጋዋ ላይ ተቀመጠ። ታብሌቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በአንድ ጣቱ አንድ ነገር ጻፈ። ቁልፉን ተጫነ። ዝም። ጠበቀ፤ ደግሞ ተጫነ። ዝም።

"ከዚህ አልጋ ላይ ሆኜ አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም" አለኝ።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ፤ ምንም ሳይዘጋ እንዳለ ይመለከት ጀመር። ፕሮግራሙ ስህተት አልጻፈም። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ "ተነሥቷል" ብሎ ነው የጻፈው።

"ተነሥቷል ይላል። ተነሥቶ የት ገባ?" ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ "ይገርምሃል፣ መነሣቱን ነው እንጂ መጨረሱን ጠይቄው አላውቅም" አለ።

ቀጥሎ ያየውን በጣቱ እያመለከተ ነገረኝ። ተናጋሪው ፕሮግራም አንድ አልነበረም። ብዙ ሆኖ ተሰልፏል። እትዬ በተጫነች ቁጥር አንድ ተላላኪ ተነሥቷል፤ ዓረፍተ ነገሯን ይዞ ወደ ድምፅዋ ማህደር ሄዷል፤ ማህደሩ ተቆልፎበታል። የሠሩት ሰዎች ድምፁን ሲያጣ እስኪያገኝ እንዲጠብቅ አድርገው ነው የሠሩት፤ ስለዚህ ቆሞ ይጠብቃል። ተላላኪዎቹ የተነሡት በኮምፒውተሩ ስም ነው። ማህደሩ የሚከፈተው ለወንድሟ ስም ብቻ ነው። እሱ ማታ መጥቶ በገዛ እጁ ሲከፍተው ሁሉም በእሱ ስም ይነሣል፤ በሩም ይከፈታል። አጥፍቶ ሲያበራው የቆሙት ይበተናሉ፤ በማግሥቱ ሌሎች ይቆማሉ።

ይህን ሁሉ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። ከዚያ እጁን ከአፉ ላይ ሳያነሣ "ቆልፌባታለሁ" አለ። "በገዛ ድምፅዋ ላይ ቆልፌባታለሁ።"

"አላወቅክም ነበር" አልኩት።

"ነግራኛለች እኮ። ስትሄድ ዝም ይላል ብላ ነግራኛለች።"

ወደ ስክሪኑ ዞሮ የማህደሩን ፈቃድ ለኮምፒውተሩም ሰጠው። ምን እንደሚከተል ያውቅ ነበር ወይ ብዬ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እኔ በበኩሌ አላሰብኩትም።

ድምፅ ማጉያው ትንሽ ሽሽ አለ።

"ውሃ።"

ወንድሟ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረ።

"ድመቷ በመስኮት ገብታለች፤ ወተቱን ክደኑት።"

ተራቸውን ጠብቀው አልወጡም። ቀድሞ የደረሰው ይናገራል፤ ሌላው ይከተላል። የትኛው የማክሰኞ፣ የትኛው የረቡዕ እንደሆነ አይለይም። ዜማው ሁሉ አንድ ነው።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይሰማል?"

"አንተ ማሽን፣ እንደ ወንድሜ ግትር ነህ።"

ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። እሱ ግን አላየኝም፤ የሚያየው ግድግዳውን ነበር።

"ትራሴን ከፍ አድርጊልኝ።"

"ጎረቤት። ጎረቤት፣ ቶሎ ነይ። ትንፋሽ አጠረኝ።"

ይህንንም ረጋ ብላ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ በሁለተኛው በር ያለው አውቶቡስ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ያህል። ድምፁ ቀጠለ።

"ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም። ጃንጥላ ሳይዝ ወጥቷል።"

ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር ወድቆ ተንቋቋ። "መጣሁ እትዬ! መጣሁ!" የሚል የባለቤቴ ድምፅ ተሰማ። በራችን ተበርግዶ ተከፈተ፤ የእነሱ በር ተከተለ። ባለቤቴ እስከ ክርኗ ሳሙና እንደሆነች ደፉ ላይ ቆማ አልጋውን አየች። አልጋው ባዶ ነው። ሳሙናው ከእጇ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

ተናጋሪው ገና አልጨረሰም ነበር። የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ወንድሟ ራሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ የጻፋቸው ናቸው።

"እትዬ" አለ በእሷው ድምፅ። ጥቂት ቆየና ደግሞ "እትዬ።"

ከዚያ ጸጥ አለ።

"ሰማሽው?" አላት ባለቤቴን።

"ሰማሁ።"

"በግድግዳው በኩል?"

"በግድግዳው በኩል። ጥርት ብሎ።"

ይኸው ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። ተነሣና በባለቤቴ አጠገብ አልፎ ወጥ ቤት ገባ። መሳቢያው ሲከፈት፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማን። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ማንኪያዎቹን በሙሉ በሁለት እጁ አቅፎ ነበር። አልጋው ላይ ዘረገፋቸውና አንድ በአንድ እያነሣ ጫፋቸውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ያይ ጀመር። የእሷን ለመለየት፣ የግድግዳ ቀለም ያልለቀቀው ካለ ብሎ ነው። አጥቦት ስለነበር ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ።